ቆሞ የሚላላ፣ ሲዞር የሚቀና

ከመርጡለ ማርያም እስከ ደብረ ማርቆስ ባለው ደጋ ባሕር ዛፍ የማይታይበት ቀዬ ማግኘት ይቸግራል። ዛፉ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ቀጭኑ በአጣናነት ይሸጣል፤ ወፈር ያለው ግንድ መሰንጠቂያ ቤት ገብቶ ጣውላና ሞራሌ ሆኖ ይወጣል። ስለ ዛፉ ጥቅምና ጉዳት ሁሉም ይከራከራል፤ ስለ ሞተሩ ጉልበትም የማያወራ የለም። ሥራውን የሚሠራው ትልቁ ክብ መጋዝ ግን “ብረት ነው፤ ሲደነዝዝ ይሞረዳል” ተብሎ ይታለፋል።

ብዙ የሚነግረን አለው። ገና ያልተላገ ጣውላ ገጹን ላስተዋለው የክብ መጋዝ አሻራ ቅስት ቅስት ሆኖ ይታያል፤ የእጅ መጋዝ አሻራ ግን ቀጥ ያለ ነው። ቅስቶቹ እኩል ተራርቀው ከተደረደሩ መጋዙ ደህና ነው። በየመሃሉ አንድ ጠለቅ ያለ ጭረት ከተደጋገመ ግን አንድ ጥርስ ወደ ጎን ወጥቷል ማለት ነው።

የጥርሱ ምርጫ ብዙ አያከራክርም። ግንድን በቁመቱ ለመሰንጠቅ ጥርሱ ጥቂትና ወደ ፊት ያዘነበለ፣ በጥርሶቹ መካከል ያለው ጉድጓድም ሰፊ ይሁን፤ ለአግድም ቁርጥ ጥርሱ ይብዛ። ጉድጓዱ ሰጋቱራውን ከእንጨቱ ውስጥ ተሸክሞ ያወጣል፤ ከሞላ ትርፉ ወደ ጎን ይፈስና የመጋዙን ገላ እየፈተገ ያግለዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። መርጡለ ማርያም ከእቴጌ እሌኒ ስም ጋር በሚነሳው ቤተ ክርስቲያኗ ጥርብ ድንጋይ የምትታወቅ ከተማ ናት፤ የመዶሻ ጥበብ ለአገሬው እንግዳ አይደለም። ትልቅ ክብ መጋዝም የመዶሻ ሥራ ነው። ብዙ ሰው ጥሩ መጋዝ ቆሞ ሳለ እንደ መስታወት ዝርግ መሆን አለበት ብሎ ያምናል። ስህተት ነው። ባለሙያ የወጠረው መጋዝ ሲቆም መሃሉ ትንሽ የላላ ነው። መጋዙን ዘንበል አድርጎ ቀጥ ያለ ማስመሪያ ከመሃሉ እስከ ጠርዙ ቢያስደግፉበት በመካከል ቀጭን ብርሃን ያልፋል።

ምክንያቱ በቁጥር ሲታይ ግልጽ ነው። ዲያሜትሩ 1 ሜትር የሆነ መጋዝ ዙሪያው 3.14 ሜትር ነው። በሥራ ላይ የጠርዙ ሙቀት ከመሃሉ በ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢበልጥ ዙሪያው ወደ 2 ሚሊሜትር ገደማ መርዘም ይፈልጋል። መሃሉ ግን አልሞቀምና አብሮት አይሰፋም። ትርፉ መሄጃ ሲያጣ ጠርዙ ይጣመማል፤ ጣውላውም አንድ ጫፉ ወፍራም፣ ሌላው ቀጭን ሆኖ ይወጣል። በዚያ ላይ ሽክርክሪቱ ራሱ ብረቱን ወደ ውጭ ይስበዋል። ባለሙያው በመሃልና በጠርዝ መካከል ያለውን ቀለበት ሁለቱንም ጎን በልክ እየመታ ያሰፋዋል፤ ያኔ መጋዙ የሚቀናው ፍጥነቱን ሲያገኝ ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው “ተጣሟል” ብሎ በጉልበት ይቀጠቅጠውና ውጥረቱን አጥፍቶ ያርፋል።

ስለዚህ እያንዳንዱ መጋዝ የራሱ ፍጥነት አለው። ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚመጣው የናፍጣ ሞተር ወርዶ የኤሌክትሪክ ሞተር ሲተካ ነው። በደቂቃ 1450 ዙር የሚዞር ሞተር 20 ሴንቲሜትር ፑሌጃ ይዞ በቺንጊያ የመጋዙን 30 ሴንቲሜትር ፑሌጃ ቢነዳ፣ መጋዙ ወደ 967 ዙር ይዞራል። የ1 ሜትር መጋዝ ጠርዝ በዚህ ፍጥነት በሰከንድ 50 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ፑሌጃዎቹ ቢቀያየሩ ግን ዙሩ 2175 ይደርሳል። በዚያ ፍጥነት በሚዞር ትልቅ መጋዝ አጠገብ ማንም ሰው መቆም የለበትም።

ባሕር ዛፍ ራሱም ፈታኝ ነው። የግንዱ ውጫዊ ክፍል የተሳበ፣ ውስጡ የታመቀ ስለሆነ ሲሰነጠቅ ጣውላው ይለመጣል። ግንዱን ከአንድ ወገን ብቻ ከመቁረጥ እያገላበጡ ከሁለቱም ወገን መቁረጥ ይህን ያቃልላል።

የሚያስቆጡ ልማዶችም አሉ። ደንዝዞ የሚጨስን መጋዝ ግንድ በግድ እየገፉ ማሠራት አንዱ ነው። ጥርስ ሲሳል ሰማያዊ እስኪሆን ማጋል ደግሞ ብረቱን ያበላሸዋል። በጥርሶቹ ሥር ሹል ማዕዘን መተው ስንጥቅ ይጋብዛል፤ ሥሩ በክብ ሞረድ መለስለስ አለበት። መጋዙን የሚይዙት ሁለት ሰሌዳዎች ሳይጠረጉ ማሰርም ቀላል ነገር አይደለም፤ 15 ሴንቲሜትር ስፋት ባለው ሰሌዳ አንድ ጠርዝ ሥር 0.1 ሚሊሜትር ሙጫ ቢቀር የ1 ሜትሩ መጋዝ ዳር ከግማሽ ሚሊሜትር በላይ ይወላገዳል። ስንጥቅ የታየበት መጋዝ ይውረድ፤ ባለሙያ ሳያየው ዳግም አይሰቀል።

መጋዝ የሚያዝ ሰው ዲያሜትሩን ብቻ ተናግሮ አይመለስ። የመሃል ቀዳዳውን ስፋት፣ የሚቆርጠውን እንጨት ዓይነት፣ ከሁሉም በላይ ማሽኑ በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚዞር ጽፎ ለሻጩ ይስጥ።