የክትባት በረዶ መሆንና የቴርሞሜትር ፍተሻ

ክትባት በሙቀት እንደሚበላሽ ለማንኛውም የጤና ባለሙያ የታወቀ ነው። በቅዝቃዜ የሚደርሰው ጉዳት ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። እንዲያውም ክትባቱን ከሙቀት ለመጠበቅ ሲባል ማቀዝቀዣው ከሚገባው በላይ እንዲቀዘቅዝ የሚደረግበት ጊዜ አለ። በብልቃጡ ላይ የሚለጠፈው የቪ.ቪ.ኤም. ምልክት የሚያሳየው የሙቀትን ጉዳት ብቻ ስለሆነ፣ በረዶ ሆኖ ኃይሉን ያጣ ክትባት ምልክቱ ሳይለወጥ ለሕፃናት ሊሰጥ ይችላል።

በረዶ መሆን እንዴት ይጎዳል?

እንደ ሄፓታይተስ ቢ፣ ፔንታቫለንት፣ የሳንባ ምች መከላከያው ፒ.ሲ.ቪ.፣ ቲ.ዲ. እና ኤች.ፒ.ቪ. ያሉት ክትባቶች የአሉሚኒየም ጨው ይገኝባቸዋል። ክትባቱ በረዶ ሲሆን የአሉሚኒየሙ ቅንጣቶች እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ በረዶው ቢቀልጥም ወደ ቀድሞ ሁኔታቸው አይመለሱም። በዚህም ምክንያት የክትባቱ የመከላከል ኃይል ይቀንሳል።

ንጹሕ ውሃ በ0 ዲግሪ ሴልሺየስ በረዶ ይሆናል። ጨው ወይም ሌላ ንጥረ ነገር ሲሟሟበት ግን ይህ ነጥብ ዝቅ ይላል። በ1 ኪሎ ግራም ውሃ ውስጥ 1 ሞል ቅንጣቶች ሲሟሙ ነጥቡ በ1.86 ዲግሪ ይወርዳል። ኖርማል ሳላይን ከዜሮ በታች 0.5 ዲግሪ ገደማ ላይ በረዶ መሆን የሚጀምረውም ለዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሰነዶች ለሄፓታይተስ ቢ ክትባትም ይህንኑ ነጥብ ይጠቅሳሉ። ከተፈቀደው ዝቅተኛ ሙቀት ማለትም ከ2 ዲግሪ ያለው ርቀት እጅግ ጠባብ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በላቦራቶሪ ይህ ነጥብ የሚለካው ፈሳሹን ቀስ በቀስ በማቀዝቀዝና ሙቀቱን በየጊዜው በመመዝገብ ነው። ሙቀቱ በመጀመሪያ ከነጥቡ በታች ይወርዳል፤ ፈሳሹ ግን ገና አይጠጥርም። የመጀመሪያዋ የበረዶ ቅንጣት ስትፈጠር ሙቀቱ በድንገት ከፍ ብሎ በነጥቡ ላይ ረግቶ ይቆያል። ስለዚህ ከዜሮ በታች የቀዘቀዘ ብልቃጥ ፈሳሽ ሆኖ ቢታይም በትንሽ ንቅናቄ በረዶ ሊሆን ይችላል።

ቴርሞሜትሩ ይታመናል?

የአንድ ዲግሪ ስሕተት እንኳ ዋጋ ስለሚያስከፍል ቴርሞሜትሩ ራሱ መፈተሽ ይኖርበታል። የፈላ ውሃ በአገራችን ደጋማ ቦታዎች ለዚህ አያገለግልም፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነውና። የሚቀልጥ በረዶ ግን ከፍታው ምንም ያህል ቢሆን ከ0 ዲግሪ ፈቀቅ አይልም ማለት ይቻላል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከንጹሕ ውሃ የተሠራ በረዶ ተሰባብሮ በቴርሞስ ውስጥ ይሞላል፤ ክፍተቱን እስኪሞላ ድረስ ብቻ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ይጨመርበታል። ጨው ሊነካው አይገባም። ውሃ ውስጥ መግባት የሚችል ቴርሞሜትር ጫፉ ታችኛውንና የጎኑን አካል ሳይነካ መሐል ላይ ይደረጋል። ድብልቁ እየተማሰለ ንባቡ እስኪረጋ ይጠበቃል። ንባቡ ከ0 ዲግሪ ከ0.5 በላይ ከራቀ ቴርሞሜትሩ መለወጥ አለበት።

ጥርጣሬ ሲኖር

በረዶ ሆኖ የተገኘ ብልቃጥ ያለ ምንም ፍተሻ ይወገዳል። በረዶ ሆኖ ቀልጦ ይሆናል ተብሎ ለሚጠረጠረው ሼክ ቴስት የተባለው ፍተሻ ይደረጋል። ከአንድ አምራችና ከአንድ የምርት ቁጥር የሆነ ሌላ ብልቃጥ ሆን ተብሎ በረዶ እንዲሆን ተደርጎ ይቀልጣል። ሁለቱም ተነቅንቀው ጎን ለጎን ይቀመጡና እስከ 30 ደቂቃ ይታያሉ። የተጠረጠረው እንደ ማነጻጸሪያው ፈጥኖ ከዘቀጠ ተበላሽቷል፤ አይሰጥም። ይህ ፍተሻ አሉሚኒየም ለሌለው በመርፌ ለሚሰጠው የፖሊዮ ክትባት አይሠራም።

መከላከሉ ግን ከሁሉም ይሻላል። ክትባቶቹ ከበረዶ ቤቱ ግድግዳ ርቀው ይቀመጡ። የበረዶ ጥቅሎችም ወደ ክትባት መያዣ ከመግባታቸው በፊት ሲነቀነቁ በውስጣቸው የውሃ ድምፅ እስኪሰማ ድረስ ውጭ ይቆዩ። የማቀዝቀዣው ሙቀት በዓላትን ጨምሮ በየቀኑ ጧትና ማታ ይመዝገብ። ኃይሉን ያጣ ክትባት የተሰጠው ሕፃን በካርዱ ላይ እንደ ተከተበ ይቆጠራል፤ ጉድለቱ የሚታወቀው ምናልባት በሽታው ሲደርስ ነው።