ኢሜይል የት ያድራል?

ስለ ኢሜይል ሲነሣ ሰው የሚደነቀው በጉዞው ፍጥነት ነው። ለመሐንዲሶቹ ግን ጉዞው ቀላሉ ሥራ ነው፤ ሰርቨሮች መልእክት የሚቀባበሉበት ኤስኤምቲፒ የተባለው ፕሮቶኮል በ1982 እ.ኤ.አ. ወጥቶ እየተሻሻለ ዛሬም ያገለግላል። ራስ የሚያዞረው ከደረሰ በኋላ ያለው ጣጣ ነው፦ መልእክቱ ለዓመታት የት ይቀመጥ? ሲፈለግስ እንዴት ይገኝ?

በቀድሞዎቹ የዩኒክስ ኮምፒውተሮች አንድ ሰው የተቀበለው መልእክት ሁሉ በአንድ ረጅም ፋይል ላይ ይቀጣጠል ነበር። ይህ ኤምቦክስ የተባለ ዘዴ ቀላል ቢሆንም ፋይሉ ከተበላሸ ሁሉም አብሮ ይበላሻል። ኪውሜይል የተባለውን የኢሜይል ሰርቨር የሠራው ዳንኤል በርንስታይን በሜይልዲር ዘዴው ለእያንዳንዱ መልእክት የራሱን ፋይል ሰጠው። ጥሩ መሻሻል ነበር፤ ፍለጋው ግን እንዳስቸገረ ቀረ።

በጃቫ የተጻፈው አፓቺ ጄምስ የተባለው ክፍት ምንጭ የኢሜይል ሰርቨር ነገሩን በሌላ በኩል ያዘው። አዘጋጆቹ የማከማቻውን ክፍል ከቀረው ሰርቨር ስለለዩት፣ ያው ጄምስ መልእክቶቹን በፋይሎች፣ በዳታቤዝ ወይም ጃክራቢት በተባለ የይዘት ማከማቻ ላይ ማስቀመጥ ቻለ። ጃክራቢት ራሱ የአፓቺ ፕሮጀክት ነው። የሚከተለው ጄሲአር የተባለ ስታንዳርድ በ2005 የጸደቀ ሲሆን፣ ሥራውን የመራው የስዊዘርላንዱ ዴይ ሶፍትዌር ባልደረባ ዴቪድ ኑሸለር ነበር። አዶቤ ኩባንያውን በ2010 ገዛው።

የይዘት ማከማቻ ከተራ ፎልደር የሚለየው እንደ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ስለሚሠራ ነው። እያንዳንዱ ሰነድ ቦታው ይታወቃል፤ ላኪው፣ ቀኑና ጉዳዩም ከሰነዱ ጋር ተመዝግበው ይያዛሉ። የጃክራቢት መዋቅር እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የሚያወጣ ሲሆን ፍለጋውን የሚያካሂደው ሉሲን የተባለው የመረጃ ጠቋሚ ነው።

ለአማርኛ ጸሐፊ ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 አቀማመጥ 3 ባይት ይይዛል። በኢሜይል ሲላክ ብዙ ጊዜ ቤዝ64 በተባለው ዘዴ ወደ ላቲን ፊደላትና ቁጥሮች ይቀየራል። በዚያ ላይ «ስብሰባ» የሚለው ቃል ከፊቱ እንዳለው የባይት ብዛት ሦስት ዓይነት መልክ ሊይዝ ይችላል። እንዲህ የተቀመጠን ፋይል በቀጥታ «ስብሰባ» ብሎ የሚፈልግ ሰው ምንም አያገኝም። መልእክቱን ፈትቶ ጽሑፉን ለጠቋሚው የሚያስረክብ ማከማቻ ግን ያገኘዋል። እርግጥ «ፀሐይ» ብሎ የጻፈና «ጸሀይ» ብሎ የሚፈልግ እንዲገናኙ ሞክሼ ፊደላትን አንድ የሚያደርግ ደንብ መጨመር ያስፈልጋል፤ ሉሲን በራሱ ይህን አያውቅም።

ሌላው ትርፍ ቦታ ነው። ጃክራቢት ትላልቅ ፋይሎችን ከይዘታቸው ተሰልቶ በሚወጣ ሀሽ በተባለ መለያ ስለሚያስቀምጥ፣ ይዘቱ አንድ የሆነ ነገር ሁለት ጊዜ አይቀመጥም። 5 ሜጋባይት የሆነ ፒዲኤፍ ለ200 ሠራተኞች ቢላክ በተራው ዘዴ 1,000 ሜጋባይት ይበላል፤ በዚህኛው 5 ብቻ። ለዚህ ግን አባሪው ከመልእክቱ ተነጥሎ መቀመጥ አለበት። የመልእክቱ ራስጌ ከተቀባይ ተቀባይ ስለሚለያይ፣ ሙሉው መልእክት እንዳለ ከተቀመጠ ሀሹም ይለያያል።

የይዘት ማከማቻን ለኢሜይል ማዋል ግን ችግር አለው፤ ችግሩ የሚመጣው መልእክት ከሰርቨር ከሚነበብበት ከአይማፕ ነው። ማርክ ክሪስፒን በ1986 የጀመረው ይህ ፕሮቶኮል ዛሬ ባለው መልኩ ለእያንዳንዱ መልእክት እያደገ የሚሄድ ቁጥር ይጠይቃል። መልእክቱ ቢሰረዝም ቁጥሩ ለሌላ አይሰጥም። ሁለት መልእክቶች በአንድ ቅጽበት ቢደርሱ አንዱ ቁጥሩን እስኪወስድ ሌላው መጠበቅ አለበት። በዚያ ላይ መልእክት ማንበብ ራሱ መጻፍ ነው፤ «ተነቧል» የሚለው ምልክት ይመዘገባልና። ጃክራቢት ደግሞ የተሠራው ብዙ ለሚነበብና ጥቂት ለሚጻፍ ይዘት ነው። በአንድ ቅርንጫፍ ሥር ከ10,000 በላይ ንዑስ ቅርንጫፎች ሲከማቹም ይዘገያል። ስንት ሰው ኢንቦክሱ ውስጥ ከዚያ በላይ እንዳለው መገመት አያዳግትም። መልእክቶቹን በዓመት፣ በወርና በቀን ከፋፍሎ ማስቀመጥ ቅርንጫፉን ያቀልለታል፤ የመጻፉን ጫና ግን አያስቀርም።

ጄምስ ውሎ አድሮ ጃክራቢትን ከማከማቻ አማራጮቹ አወጣ። ዛሬ በብዙ ሰርቨሮች ላይ ተሰራጭቶ ሲሠራ መረጃውን በካሳንድራ ዳታቤዝ፣ የመልእክቶቹን አካል ደግሞ በኦብጀክት ማከማቻ ያኖራል፤ ፍለጋውም ለብቻው ኦፕንሰርች በተባለ የፍለጋ ሥርዓት ይካሄዳል። የይዘት ማከማቻ ከኢሜይል ጋር የሚስማማው ነባር ደብዳቤዎች ሳይለወጡ ለዓመታት በሚቀመጡበት ማኅደር ላይ ነው። በየደቂቃው ለሚከፈት፣ ለሚሰረዝና ለሚዘዋወር ኢንቦክስ ግን የማይመች ቤት ነው።