ስለ ቲዩብ ጊታር ማጉያ የሚነገሩ ተረቶችና እውነታው

ዋና ከተማው ከሚሴ የሆነው የአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፣ ከአራቱ የታወቁ ቅኝቶች አንዱ በስሟ የሚጠራባት የባቲ ከተማ መገኛ ነው። ይህን ቅኝት በኤሌክትሪክ ጊታር ወይም ፒካፕ በተገጠመለት ክራር ለማሰማት የሚሻ ሙዚቀኛ ማጉያውን ራሱ ለመሥራት ቢነሣ፣ ከስታኞና ከቴስተር አስቀድሞ የሚገጥመው ስለ መሣሪያው ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ የኖረ ግማሽ እውነት ነው።

ቲዩብ አየሩ ተመጥጦ የወጣ የመስተዋት ብልቃጥ ሲሆን፣ በውስጡ የጋለው ካቶድ የሚለቃቸውን ኤሌክትሮኖች ግሪድ የሚባለው ሽቦ በአነስተኛ ቮልቴጅ ይቆጣጠራቸዋል። ፕሪአምፕ የሚባለው ቅድመ ማጉያ ደካማውን የፒካፕ ምልክት ከፍ አድርጎ የድምፁን ቀለም ሲወስን፣ የኃይል ማጉያው ደግሞ ስፒከሩን ለማንቀሳቀስ የሚበቃ ኃይል ይሰጠዋል።

ሁለቱን ክፍሎች በየራሳቸው ሳጥን መሥራት ጉምጉምታን ፈጽሞ ያጠፋል የሚለው እምነት ከሁሉም የበለጠ የተስፋፋ ነው። እርግጥ ነው፣ የኃይል ትራንስፎርመሩ የሚረጨው መግነጢሳዊ መስክ ከቅድመ ማጉያው ስስ ቲዩቦች በራቀ መጠን ጉዳቱ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ሁለቱም ሳጥኖች በየራሳቸው ስፒና ከመስመር ጋር ተያይዘው በምልክት ገመድም ሲገናኙ፣ የምድር መስመራቸው ዙሪያውን የተዘጋ ቀለበት ይሠራና ቀድሞ ያልነበረ ጉምጉምታ ይወልዳል። ይህን ለማስቀረት ብዙዎች ኤርዝ የሚባለውን የምድር ሽቦ ይቆርጣሉ፤ ይህ ግን ሳጥኑ ኤሌክትሪክ በያዘ ጊዜ የተጫዋቹን ሕይወት የሚጠብቀውን ብቸኛ መንገድ መዝጋት ስለሆነ ፈጽሞ ሊደረግ አይገባም። ትክክለኛው መፍትሔ ሁለቱንም ከአንድ ሶኬት መቀጠልና፣ ካስፈለገም በምልክቱ መንገድ ላይ የድምፅ መለያ ትራንስፎርመር ማስገባት ነው። ጆሮም ይረዳል፦ የኢትዮጵያ መስመር 50 ሄርዝ በመሆኑ በዚህ ድግግሞሽ የሚሰማ ጉምጉምታ ብዙውን ጊዜ ከምድር ቀለበት፣ ከመግነጢሳዊ መስክ ወይም ከማሞቂያ ሽቦ የሚመጣ ሲሆን፣ 100 ሄርዝ የሆነው ግን የማጣሪያ ካፓሲተሮችን ድካም ያመለክታል።

ከአሜሪካ የመጣ ትራንስፎርመር የቮልት መቀነሻ ከተገኘለት ያለችግር ይሠራል ማለትም እንዲሁ ጎደሎ ነው። መቀነሻው 220 ቮልትን ወደ 120 ያወርዳል እንጂ 50 ሄርዝን 60 አያደርግም፤ ስለዚህ ለ60 ሄርዝ ብቻ የተነደፈ ትራንስፎርመር ብረቱ አንድ አምስተኛ የበለጠ መግነጢስ እንዲሸከም ስለሚገደድ ከመጠን በላይ ይግላል። ሲገዛ 50 ሄርዝ የሚል ጽሑፍ መኖሩን ማየት ያስፈልጋል።

የ100 ዋት ማጉያ ከ50 ዋት እጥፍ አይጮህም። ልዩነቱ 3 ዴሲቤል ብቻ ሲሆን፣ ለጆሮ እጥፍ ሆኖ የሚሰማው ወደ 10 ዴሲቤል ገደማ፣ ማለትም አሥር እጥፍ ዋት ሲጨመር ነው። በመሆኑም 15 ዋት ገደማ የሚሰጡ ሁለት ኢኤል84 ቲዩቦች ለአነስተኛ አዳራሽ ይበቃሉ።

የከሚሴ ሙቀት ቲዩብን ይገድላል የሚባለውም አያስኬድም፤ ቲዩብ ሲፈጠርም ለግለት ነው። በሙቀት የሚጎዳው ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ሲሆን፣ ዕድሜው በየ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ጭማሪ በግማሽ ያህል እንደሚያጥር ይገመታል። ከክፍሎቹ መለያየት የሚገኘው እውነተኛ ጥቅምም እዚህ ላይ ይታያል፤ የቅድመ ማጉያው ካፓሲተሮች ከኃይል ቲዩቦቹ ትኩሳት ይድናሉና።

የተጋነነ ድምፅ፣ ማለትም ዲስቶርሽን፣ የኢትዮጵያን ቅኝት ያበላሻል የሚለው ግን ሰፋ ያለ መልስ ይሻል። አንድ ክር ብቻውን ሲመታ ማጉያው የሚጨምረው የዚያኑ ድምፅ ሙሉ ብዜቶች ነው። 200 ሄርዝ ዶ ቢሆን 400 ዶ፣ 600 ሶል፣ 800 ዶ፣ 1000 ደግሞ ሚ ይሆናሉ፤ እነዚህም ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል እና ሲ በሚሉት የባቲ ድምፆች ውስጥ የሚገኙ ናቸው። 200 እና 250 ሄርዝ፣ ማለትም ዶ እና ሚ፣ በአንድነት ሲመቱ ግን የሁለቱ ድምር የሆነው 450 ሄርዝ ይፈጠራል፤ ይህም ሬ ነው፣ ሬ ደግሞ በባቲ ውስጥ የለም። ስለዚህ ቅኝቱን የሚያደፈርሰው ዲስቶርሽኑ ብቻውን ሳይሆን ከተደራረበ ድምፅ ጋር ሲጣመር ነው። በነጠላ የዜማ መስመር የሚሄደው አጨዋወት ለቲዩብ ማጉያ እጅግ የተመቸ ነው።

በመጨረሻም፣ ስፒናው ከተነቀለ አደጋው አብቅቷል የሚለው እምነት ሰው ሊገድል ይችላል። የማጣሪያ ካፓሲተሮች መስመሩ ከተቋረጠ በኋላም ከ300 እስከ 450 ቮልት ይዘው ሊቆዩ ስለሚችሉ፣ ሠሪው ክምችቱን የሚያፈስ ሬዚስተር በቋሚነት ይግጠም፤ በቴስተር ለክቶ ዜሮ መድረሱን ሳያረጋግጥም እጁን አያስገባ። ከፍተኛ ቮልቴጅን ነክቶ የማያውቅ ሰው የመጀመሪያውን ማጉያ ልምድ ካለው ባለሙያ ጋር ሆኖ ይሥራ።