ከሀዋሳ ብሎኬት እስከ ለገደምቢ ወርቅ

ማዕድን ማምረት ማለት በምድር ቅርፊት ውስጥ ያለውን ጠቃሚ ድንጋይ፣ ብረት ወይም ጨው ፈልጎ፣ ቆፍሮና አጣርቶ ለአገልግሎት ማብቃት ነው። ማዕድን ሲባል ለብዙ ሰው ቀድሞ የሚታየው ወርቅ ነው። በክብደት ሲለካ ግን ከምድር በብዛት የሚወጣው አሸዋ፣ ጠጠርና ድንጋይ ነው። እንደ ሀዋሳ ያለ ከተማ መሠረቱም፣ ግድግዳውም፣ መንገዱም የሚሠራው በእነዚሁ ነው።

ሀዋሳ ያለችው በስምጥ ሸለቆ ወለል ላይ፣ ጥንት እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በሰመጠ ሰፊ ገንዳ ውስጥ ነው። ከሐይቁ በስተሰሜን የሚገኘው ኮርቤቲም እሳተ ገሞራ ነው። እነዚህ እሳተ ገሞራዎች ለአካባቢው ፑሚስን አውርሰውታል። አንዲት የፑሚስ ጠጠር ተሰብራ ብትታይ ውስጧ እንደ እንጀራ ዓይን የተበሳሳ ነው። የቀለጠው ዐለት በጋዝ አረፋ እንደተሞላ በድንገት ስለቀዘቀዘ አረፋው በዚያው ቀርቷል። ስለዚህም ፑሚስ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ለብሎኬት ሲውል ግድግዳውን ያቀለዋል፤ ተፈጭቶም ከሲሚንቶ ጋር ይደባለቃል።

የግንባታ ድንጋይ ዋጋው ከክብደቱ አንጻር ትንሽ ስለሆነ ረጅም መንገድ ከተጓዘ የማጓጓዣው ወጪ ከድንጋዩ ዋጋ ይበልጣል። ካባ የሚባሉት የድንጋይ ማውጫዎች በከተሞች ዳር፣ እንዲሁም እንደ ሞጆ–ሀዋሳ የፍጥነት መንገድ ባሉ ትልልቅ ሥራዎች አቅራቢያ የሚከፈቱት ለዚህ ነው። ወርቅ ግን በአውሮፕላን ተጭኖም ያዋጣል። ስለዚህ የወርቅ ማምረት ጉዳት ማዕድኑ ባለበት ሲቀር ጥቅሙ ሩቅ ይሄዳል፤ የካባ ጥቅምና ጉዳት ግን አንድ ከተማ ላይ ይገናኛሉ።

ዘመናዊ ማዕድን ሥራ ከቁፋሮ በፊት በፍለጋ ይጀምራል። የሥነ ምድር ባለሙያዎች ካርታ ያነሳሉ፤ ከወንዝ ደለልና ከዐለት ናሙና ይወስዳሉ፤ ከዚያም በመሰርሰሪያ ከጥልቀት እንደ ዱላ የረዘመ ዐለት እያወጡ ይመረምራሉ። ፍለጋው ዓመታት ይፈጃል፤ ከተፈለጉት ቦታዎች አብዛኞቹም ማዕድን ማውጫ ሳይሆኑ ይቀራሉ።

ቀጥሎ ፈቃድ ይመጣል። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 አምራቾችን በባህላዊ፣ በአነስተኛና በከፍተኛ ደረጃ ይከፍላቸዋል። ለአገር ውስጥ ባለሀብቶች የግንባታ ማዕድን ፈቃድ የሚሰጡት ክልሎች ናቸው። ባለፈቃዱ ለሚያወጣው ማዕድን ለመንግሥት ሮያሊቲ የሚባል ክፍያ ይከፍላል።

በካባ ውስጥ ሥራው ግልጽ ነው። ዐለቱ ይበሳል፤ በፈንጂ ይፈርሳል፤ ኤክስካቫተር በገልባጭ መኪና ላይ ይጭነዋል። ክሬሸር ይፈጨውና በወንፊት በየመጠኑ ይለያል፦ አንዱ ለኮንክሪት፣ ሌላው ለመንገድ። ማሽን በሌለበት ይህንኑ ሥራ መዶሻና ዲጅኖ የያዙ ወጣቶች ይሠሩታል።

ወርቅ ከዚህ የረቀቀ ሥራ ይጠይቃል። ከሀዋሳ በስተደቡብ፣ በጉጂ ምድር፣ ከሻኪሶ አቅራቢያ የለገደምቢ ወርቅ ማውጫ አለ። መንግሥት ሲያመርትበት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1997 ሚድሮክ ወደተባለው የግል ኩባንያ ተላልፏል። በእንዲህ ያለ ማውጫ ከአንድ ቶን ዐለት የሚገኘው ወርቅ ጥቂት ግራም ብቻ ነው። ዐለቱ እንደ ዱቄት ይልማል፤ ወርቁ በሳያናይድ ውሃ ይሟሟል፤ የተዘጋጀ ከሰል ይስበዋል፤ በመጨረሻም በኤሌክትሪክ ተለይቶ በእሳት ይቀልጣል። የቀረው ዝቃጭ ወደ ግድብ ይገባል። ወርቁ ተሽጦ ካለቀ በኋላም ጥበቃ የሚሻው ይህ ግድብ ነው። በግንቦት 2010 ዓ.ም. የአካባቢው ነዋሪዎች በጤናቸው ላይ ጉዳት ደርሷል ብለው በተቃውሞ ከወጡ በኋላ መንግሥት የለገደምቢን ፈቃድ አግዷል። ሥራው የተመለሰው ከዓመታት በኋላ ነው። ማዕድን ማውጫ ከመንግሥት ፈቃድ ሌላ የጎረቤቶቹም እምነት እንደሚያስፈልገው ይህ በግልጽ አሳይቷል።

በዚያው በጉጂ የሚገኘው ቀንጢቻ ደግሞ በታንታለም ይታወቃል፤ ዐለቱ ሊቲየምም አለው። ታንታለም በሞባይል ስልክ ውስጥ ኤሌክትሪክ ለሚያጠራቅሙ ጥቃቅን ዕቃዎች፣ ሊቲየም ለባትሪ ይውላል። ከቀንጢቻ ወደ ውጭ ሲላክ የኖረው ግን ያልተጣራ ማዕድን ነው። ትልቁ ዋጋ የሚጨመርበት ማጣራትና ዕቃ መሥራት በሌላ አገር ሲከናወን ሥራውም፣ ዕውቀቱም፣ ገቢውም አብሮ ይሄዳል።

እንዲያም ሆኖ ማዕድን ለአገር ኢኮኖሚ ያለው ክብደት እየጨመረ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ለብሔራዊ ባንክ የሚቀርበው ወርቅ በእጅጉ ጨምሯል። በ2017 በጀት ዓመትም ወርቅ ቡናን በልጦ ቀዳሚው የወጪ ምርት ሆኗል። ከዚህ ወርቅ ብዙው የባህላዊ አምራቾች ልፋት ነው። ስለዚህ የጉድጓድ መደርመስንና የሜርኩሪን መርዝ መከላከል የብዙ ቤተሰቦች የሕይወት ጉዳይ ነው።

የመጨረሻው ደረጃ መዝጋት ነው፤ ከሁሉም በላይ የሚዘነጋውም እሱ ነው። ካባ ሳይዘጋ ሲቀር ጉዳቱ ሐይቁ ድረስ ይሄዳል። የሀዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም። ከዙሪያው ተራሮች፣ ከእርሻና ከተራቆተ ካባ ታጥቦ የሚገባው አፈር እዚያው ይቀራል። በአቅራቢያው ያለው፣ ቀድሞ ሐይቅ የነበረው የጨለለቃ ረግረግ በደለል መሞላቱ ለዚህ ምስክር ነው። መፍትሔው ውስብስብ አይደለም። ካባ ሲከፈት የላይኛው ለም አፈር ተገፍፎ ለብቻው ይከመራል፤ ገደሉ እንደ እርከን እየተቆረጠ ይወርዳል፤ የጎርፍ መያዣ ይበጅለታል። ድንጋዩ ሲያልቅ ካባው ያንኑ አፈር መልሶ ይለብሳል፤ ዛፍም ይተከልበታል። ለዚህ የሚሆነው ገንዘብ መቀመጥ ያለበት ካባው ገና ገቢ በሚያስገኝበት ጊዜ ነው፤ ድንጋዩ ካለቀ በኋላ ከፋይ አይገኝምና።