የሕፃኑ ጥርስ ለምን በለዘ?

በአዲስ ቅዳምና በዙሪያዋ ያላችሁ እናቶችና አባቶች! ዛሬ ስለ ሕፃናት ጥርስ እናንብብ።

ሕፃን ብዙውን ጊዜ በ6 ወር ገደማ ጥርስ ያበቅላል። 3 ዓመት ሲሞላው 20 የወተት ጥርሶች ይኖሩታል። አንዳንዴ አዲሱ ጥርስ በልዞ ይታያል። ያን ጊዜ አንዱ «ትል ነው፤ ይነቀል» ይላል። ሌላው «በከሰል ይፈተግ» ይላል። ሁለቱም ልጁን ይጎዳሉ።

ጥርስ የሚበልዘው ለምንድን ነው?

አንደኛ፦ በጣፋጭ ነገር። ስኳር ያለው ሻይ ወይም ወተት በሕፃኑ ጥርስ ላይ ሲያድር፣ በዓይን የማይታዩ ጀርሞች ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል። አሲዱም ጥርሱን ይበላዋል። መጀመሪያ በድዱ ጥግ እንደ ኖራ ነጭ መስመር ይወጣል። ቆይቶ ቡናማ ይሆናል፤ ይቦረቦራል። በነጩ ጊዜ ከደረስንለት ሊቆም ይችላል።

ሁለተኛ፦ በመድኃኒት። ለደም ማነስ የሚሰጠው ፈሳሽ የብረት መድኃኒት ጥርስን ከላይ ያጠቁራል። ጥርሱን ግን አይበላውም። ስለዚህ መድኃኒቱን አታቋርጡ። ቴትራሳይክሊን የሚባለው ክኒን ግን ሌላ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ወይም 8 ዓመት ያልሞላው ልጅ ሲውጠው የሕፃኑን ጥርስ ከውስጥ ቢጫ ወይም ግራጫ ሊያደርገው ይችላል። የዓይን ቅባቱ ይህን አያደርግም። ክኒን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትግዙ።

ሦስተኛ፦ በመውደቅ። ልጁ ወድቆ ጥርሱ ሲመታ፣ ያ ጥርስ ብቻውን ሊጠቁር ይችላል።

አራተኛ፦ በውሃ። በስምጥ ሸለቆ፣ ለምሳሌ በወንጂ፣ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን በዝቶበት የብዙ ልጆችን ጥርስ አበልዟል። አዲስ ቅዳም ግን በስምጥ ሸለቆ ውስጥ አይደለችም።

ጥርሱ አይነቀል!

በአገራችን በብዙ ቦታ ሕፃን ሲያተኩሰውና ሲያስቀምጠው «የወተት ጥርሱ ነው» እየተባለ ድዱ በስለት ይፈነቀላል። ብዙ ደም ይፈሳል። በቆሸሸው ብረት መንጋጋ ቆልፍ ይገባል። ከሥር ያለው ቋሚ ጥርስ ይበላሻል። ተቅማጡ ግን አይድንም። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም በጎጂ ልማድ ሰውን ማቁሰልን ይቀጣል።

በከሰልም አትፈትጉት። ጥርሱን ይፍቀዋል። የዲከረንሳችን ከሰል ለገበያ ነው፤ ለሕፃን ጥርስ አይሆንም።

ምን እናድርግ?

1. ጥርሱን ጠዋትና ማታ በንጹሕና በረጠበ ለስላሳ ጨርቅ እንጥረግ።
2. ጣፋጭ ነገር አጥብተን ወይም አጠጥተን አናስተኛው። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር ጨርሶ አንስጥ።
3. ጥርሱ በልዞ ካየን ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እናሳይ፤ ወይም ጤና ጣቢያ እንውሰደው። ድዱ ካበጠ ወይም ልጁ ካተኮሰው አንዘግይ።

«የወተት ጥርስ መውደቁ አይቀርም» ብለን አንናቀው። ልጁ እስከ 6 ዓመቱ ቆሎውንም እንጀራውንም የሚያኝከው በእርሱ ነው።

ይህን ጽሑፍ ማንበብ ለማይችል ጎረቤት አንብቡለት።