ከፈረስ መጋላ ስልክ ለመግዛት ስትወጣ

አንባቢ ሆይ፤ በሐረር በር ገብተህ ዋናውን መንገድ ይዘህ ወደ ጀጎል መካከል ብትዘልቅ የምትደርስበት አደባባይ ፈረስ መጋላ ይባላል። ትርጓሜውም የፈረስ ገበያ ማለት ነው። ዛሬ ፈረስ አይሸጥበትም፤ ስሙ ግን ምክር ትቶልናል። ፈረስ የሚገዛ ብልህ ሰው የሻጩን ምስጋና ሰምቶ ብቻ ገንዘቡን አይቈጥርም፤ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል፥ ኮቴውን ያነሣል፥ ወጥቶበትም ይሞክረዋል። የዘመናችን ተማሪና አዲስ የመንግሥት ሠራተኛ ግን የወር ደመወዝ፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የሚበልጥ ገንዘብ አውጥቶ በጣት የሚዳሰስ ስልክ ሲገዛ፥ የሣጥኑን ማማር አይቶ ብቻ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ይህን የምልህ አንተን ለመንቀፍ አይደለም፤ እኔም ከዚሁ ስሕተት ስለ ተማርሁ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስሙን ከማላነሣው አንድ ሱቅ ገብቼ ነበር። ባለሱቁ «ውሰደው አቦ! ለወንድሜ በምሸጥበት ዋጋ ነው» ቢለኝ፥ ዋጋው ከጎረቤቶቹ ያነሰበትን ምክንያት ሳልጠይቅ ከፈልሁ። በሣጥኑ ላይ 128 ጊጋ ባይት የሚል ተጽፎ ነበር። በበዓል ቀን አያቴን ቡና ስታፈላ በፎቶግራፍ አነሣኋት፤ ድምፅዋንም ቀዳሁ። ሁለት ወር ሳይሞላ ፎቶግራፎቹ አልከፈት አሉ። ዐዋቂ ቢመረምረው የዕቃው እውነተኛ ማከማቻ ከተጻፈው እጅግ ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ ቍጥሩ በሐሰት እንዲታይ የተደረገ ነበር። አያቴ በዓመቱ ዐረፈች። ገንዘቡን ሠርቼ ተካሁት፤ ፎቶግራፉን ግን የሚተካ አልተገኘም።

ሐረር ለስልክ እንግዳ ከተማ አይደለችም። ራስ መኰንን ሐረርን በሚገዙበት ዘመን፥ በዳግማዊ ምኒልክ ፈቃድ፥ እ.ኤ.አ. በ1894 ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የሚሆን የስልክ መስመር መዘርጋት ተጀመረ። የኢትዮጵያ የቴሌኮሙኒኬሽን ታሪክ የሚቈጠረውም ከዚህ ነው። ያ ስልክ ሽቦና ምሰሶ ይፈልግ ነበር፤ የዛሬው በኪስ ይገባል። ዕቃው ቢያንስም የሚጠይቀው ጥንቃቄ አላነሰም።

እንግዲህ ለግዢ ስትወጣ ጠዋት ውጣ፤ አንድ ጓደኛም አስከትል። ገንዘቡን ከመክፈልህ በፊት ስልኩን ከፍተህ *#06# ብለህ ጻፍበት። ወዲያው ባለ 15 አኃዝ ቍጥር ይወጣል፤ ይህ የስልኩ መታወቂያ ነው። ሁለት ሲም ካርድ የሚይዝ ከሆነ ሁለት ቍጥር ያሳያል። በሣጥኑ ላይ ከታተመው ጋር አንድ በአንድ አስተያየው። አንድ አኃዝ እንኳ ቢለያይ ሣጥኑና ስልኩ የተለያዩ ናቸውና ምስጋና አቅርበህ ውጣ።

ቀጥሎ ከሱቁ ደጅ ቆመህ መስተዋቱን በፀሐይ ብርሃን ተመልከተው፤ በሱቅ መብራት የሚያምር ሁሉ በቀትር ፀሐይ አይነበብም። ከዚያም በጣትህ ዳስሰው። የመስተዋቱ ሥራ እንዲህ ነው፤ ከመስተዋቱ ሥር ዐይን የማያየው፥ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ስስ ንጣፍ አለ። የሰው ገላ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋልና ጣትህ ሲጠጋ በዚያ ነጥብ ያለው ኃይል ጥቂት ይለወጣል፤ ስልኩም የተለወጠበትን ቦታ አስልቶ ምን እንደ ፈለግህ ያውቃል። በጥፍር ወይም በደረቅ እንጨት ብትነካው ዝም የሚለው ስለዚህ ነው። ይህን ጥበብ እንግሊዛዊው ኢ. ኤ. ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1965 በጽሑፍ አስታውቆት ነበር፤ በዓለም ሕዝብ እጅ በብዛት የገባው ግን አይፎን እ.ኤ.አ. በ2007 ከወጣ በኋላ ነው። አንተ ለመፈተን ከመስተዋቱ ላይ አንዱን ምልክት በጣትህ ተጭነህ ያዝና ሳትለቅ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ጐትተው። በመንገድ ላይ ከጣትህ ካመለጠ ያ ቦታ የማይሰማ ሊሆን ይችላልና ደግመህ ሞክረው።

ሲም ካርድህን አግባና ለጓደኛህ ደውል፤ እርሱ ራቅ ብሎ ይቁም፥ አንተ ግን ከጫጫታው መንገድ ዳር ሁን። ነገ በዚህ ስልክ የምትነጋገረው ከመኪና ግርግር መካከል ቆመህ ሊሆን ይችላል፤ ያ ጠባብ መንገድ ስሙን ያገኘው ከልብስ ሰፊዎች መኪና ድምፅ መሆኑን ታውቃለህ። በጸጥታ ብቻ የሚሰማ ስልክ ለሐረር ሰው አይበቃውም።

ስለ መረቡም አስቀድመህ አስብ። ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም በሐረር አገልግሎት ይሰጣል። የምትኖረው በጀጎል ውስጥ ካለ የቀድሞ የሐረሪ ቤት ከሆነ የድንጋዩ ግድግዳ ወፍራም ነው፤ ወፍራም ግድግዳም የሬዲዮ ሞገድን ያደክማል። ስለዚህ የሁለቱንም ካርድ ከያዙ ጓደኞችህ ጋር ሆነህ ከክፍልህ ውስጥ ደውላችሁ ሞክሩ። እንዲህ ካደረግህ በኋላ የቤትህን ግድግዳ ጥፋት በስልኩ ላይ አታላክክም።

ደግሞም የመሥሪያ ቤት ሰው ነህና ፊደሉን ፈትን። የኢትዮጵያ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1999 ገብቷል፤ ስለዚህ ዛሬ በጎንደር የተጻፈ አማርኛ በሐረር ሳይዛባ ይነበባል። «ሐረር» ብለህ ጻፍ፤ ሐመሩን «ሐ» በምን ያህል ድካም እንዳገኘኸው ተመልከት። ኦሮምኛም የምትጽፍ ከሆነ ከፊደል ወደ ላቲን እንዴት እንደሚዞር ሞክር። አንድን ቃል ለመጻፍ ሦስት ጊዜ የሚያሳስትህ ገበታ አንድ ሙሉ ደብዳቤ ሲሆን ያስለቅስሃል፤ ደግነቱ የፊደሉን ገበታ በሌላ መለወጥ ይቻላል።

ከተስማማህ በኋላ ደረሰኝ ተቀበል። በደረሰኙ ላይ የስልኩ ዓይነት፥ ባለ 15 አኃዙ ቍጥር፥ የማከማቻው ልክ፥ የሚመለስበትም ቀን ይጻፍ። ባለሱቁ ይህን ለመጻፍ እምቢ ካለ፥ መልሱን ሳይናገር ነግሮሃል። ደግሞ «ቴሌብርን እኔ ላውጣልህ» ቢልህ፥ ቸርነቱን አመስግነህ ከቤትህ ራስህ አውጣው። ቴሌብር እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ስልክን እንደ ገንዘብ ቦርሳ አድርጎታል፤ የምሥጢር ቍጥሩም ለሻጭ ቀርቶ ለወንድም አይነገርም።

ቤትህ ስትደርስ ደግሞ እኔ ያልሠራሁትን ሥራ ሥራ። በዚያው ዕለት፥ ለመመለስ ጊዜ ሳለህ፥ ትልልቅ ፊልሞችን እየገለበጥህ ማከማቻውን እስከ ጫፉ ሙላው። ከዚያም የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ክፈት። ሁሉም ከተከፈተ ቍጥሩ እውነት ነው፤ የፊተኛው ጠፍቶ የኋለኛው ከተገኘ ግን ደረሰኝህን ይዘህ በማግሥቱ ማለዳ ተመለስ። የሥርዓቱ ፋይሎች ከተጻፈው ልክ ጥቂት ቦታ መያዛቸው ግን የተለመደ ነውና በዚህ አትደንግጥ።

ፈተናውን ካለፈ ፊልሞቹን ደምስስና አያትህ ቡና በምታፈላበት ሰዓት ወደ ቤት ሂድ። ፎቶግራፍ አንሣት፤ ስትመርቅህም ድምፅዋን ቅዳ። ከዚያ በዚያው ቀን ቅጂውን በሌላ ሥፍራ፥ በእኅትህ ስልክ ወይም በኮምፒዩተር፥ አስቀምጥ። ስልኩ የቱንም ያህል ቢታመን አንድ ዕቃ ነው።