የቅንድብ ዋጋ

የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት ለቅዱሳን መልክእ ሲደርሱ ከራስ ጠጉር ተነሥተው፣ በገጽና በቅንድብ፣ በዓይንና በጆሮ በኩል አልፈው፣ እያንዳንዱን ሕዋስ በየተራ እጅ እየነሡ እስከ እግር ጥፍር መውረዳቸው፣ ከሰው አካል የምትናቅ አንዲት ብልት እንኳ እንደሌለች ጥንቱን የተረዱት መሆናቸውን ያስገነዝባል። ይህንኑ ትምህርት በምላጭና በመርፌ ፈትል የሚፈጽም የሕክምና ጥበብ ፕላስቲክ ሰርጀሪ ይባላል።

ስሙን የሰሙ ብዙዎች ነገሩን አፍንጫ እንደ ማቅጠንና ሽብሽባት እንደ ማጥፋት ያለ የባለጸጎች ቅንጦት ብቻ አድርገው ያስቡታል። ቃሉ ግን ከጽርእ ልሳን የመጣ ሲሆን፣ ፍቺውም ሸክላ ሠሪ ጭቃዋን እንደምታበጅ ማበጀት፣ ቅርጽ መስጠት ማለት ነው። ጥበቡ ወደ ዛሬው ደረጃ የተራመደውም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ የኒውዚላንድ ተወላጅ የሆነው ሐኪም ሃሮልድ ጊሊስ፣ መንጋጋቸውና አፍንጫቸው በጥይትና በፍንጣሪ የፈረሰባቸውን ወታደሮች ፊት መልሶ ለመገንባት በእንግሊዝ አገር በደከመበት ወራት ነበር።

በአገራችን ይህ ጥበብ ሥር ከሰደደባቸው ቦታዎች አንዱ በ1958 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል፣ አለርት ነው። የሥጋ ደዌ ነርቭን እየጎዳ ጣትን ያቆለምማል፤ የዓይን ቆብ እንዳይከደን ያደርጋል፤ ቅንድብንም ያረግፋል። ጀርሙ በመድኃኒት ከጠፋ በኋላም፣ ሕመምተኛው ድኖ ሳለ፣ ፊቱ ዘወትር በሕመሙ ይመሰክርበታል። ስለዚህ የተሐድሶ ሐኪሞች ከጤነኛ ጡንቻ ጅማት አዙረው የታጠፈውን ጣት ይዘረጋሉ፤ ከራስ ቅል ላይም ጠጉር ያለበትን ቀጭን ቆዳ ወስደው በቅንድብ ቦታ ይተክላሉ። ቅንድብ ለመብላትም ሆነ ለመራመድ አያስፈልግም፤ ነገር ግን ያጣው ሰው ገበያ ሲወጣ ሰው ይሸሸዋል፣ ቡና ሲጠራም መቀመጫው ለብቻው ይሆናል፤ እንግዲህ ሁለት ጣት የማትሞላ ቁራጭ ቆዳ ከጎረቤቱ ጋር ታስታርቀዋለች። ዛሬ የተመለጠ ራስን ለማስጌጥ ብዙዎች እስከ ኢስታንቡል የሚጓዙለት የጠጉር ተከላም የዚያው ጥበብ ዘመድ ነው፤ ይህን ጌጥ ያንን ግን ቤዛ የሚያደርገው ታካሚው የተሸከመው ሸክም ነው።

ይህን ሐሳብ ይዘን ወደ ካፋ፣ ከቦንጋ በስተ ምዕራብ ወዳለችው ወደ ቢታ ገነት እንሻገር። ቡና፣ ማርና እንሰት በሞላበት በዚህ አገር፣ እንደ ሌላውም የኢትዮጵያ ገጠር፣ ምድጃው ከወለል ጋር የተካከለ፣ ሦስት ጉልቻ ያለበት ክፍት እሳት ነው። ድክ ድክ የሚል ሕፃን የፈላ ድስት ይገለብጥበታል፤ የሚጥል በሽታ ያለበትም ሰው ድንገት ወድቆ እሳት ላይ ያርፋል፤ በሽታው በመነካት ይተላለፋል የሚለው ከንቱ እምነትም የሚያነሡትን እጆች ስለሚያዘገይ ቃጠሎው እስከ ሥጋ ይዘልቃል። በሽታው ግን አይተላለፍም፤ በየቀኑ በሚዋጥ መድኃኒትም ብዙ ጊዜ ሊገታ ይችላል።

ቁስሉ ሲደርቅ ቤተ ሰቡ ተመስገን ይላል፤ መከራው ግን ያን ጊዜ ገና መጀመሩ ነው። ጠባሳ በባሕርዩ ስለሚኮማተር፣ እርጥብ ቁርበት በፀሐይ ሲደርቅ እንደሚሰበሰብ ሁሉ፣ በወራት ውስጥ አገጭን ከደረት ያጣብቃል፣ ጣቶችንም ወደ መዳፍ ያጥፋል። ይህን የሚፈታው ሐኪም ጠባሳውን ሰንጥቆ አንገቱን ቀና ካደረገ በኋላ፣ የተከፈተውን ገላ ለማልበስ ከታካሚው ጭን ላይ እንደ ሽንኩርት ልባስ የሳሳ ቆዳ ይልጣል። የተነቀለው ቆዳ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የራሱ የደም ሥር ስለሌለው ከሥሩ በሚያዥ ፈሳሽ ብቻ ይኖራል፤ ከዚያም ጥቃቅን የደም ሥሮች ከታች በቅለው ይገቡበታል። በዚያ ጊዜ ደም ከሥሩ ቢቋጥር ወይም ስፍራው ቢናወጥ ተከላው ይሞታል፤ ስለዚህም ከቀዶ ጥገናው እኩል ማሠሪያውና ጥበቃው ይከብራል።

ነገር ግን ይህ እጅ ያለው ሐኪም ሩቅ ነው። የቢታ ገነት ታካሚ ቦንጋ ካለው የገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል አልፎ ወደ ጅማ፣ ከጅማም የቃጠሎ ክፍል ወዳለው ወደ አዲስ አበባው የካቲት 12 ሆስፒታል እንዲሄድ ሊታዘዝ ይችላል፤ ከቦንጋ አዲስ አበባ ብቻ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከንፈሩና ላንቃው ተሰንጥቆ የተወለደ ልጅም፣ የእርግማን ምልክት ነው ተብሎ ሲደበቅ፣ ከንፈሩ በጥቂት ወራት ዕድሜው ሊሰፋ የሚችልበት ጊዜ ያልፈዋል።

የዚህ ሙያ ሌላው ገጽታ በከተሞቻችን የተስፋፋው የማስዋብ ገበያ ነው። ሰው መልኩ ቢያምርለት መውደዱ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ያልሠለጠነ እጅ መርፌ መጨበጡ ነው። ፊትን ለመሙላት የሚወጋው መድኃኒት ስቶ የደም ሥር ውስጥ ቢገባ ዓይን እስከ ማሳወር ይደርሳል። ቆዳ ያነጣሉ ተብለው ከሚሸጡት ቅባቶችም አንዳንዶቹ ባዜቃ፣ ሌሎቹም ብርቱ ስቴሮይድ ስላለባቸው ኩላሊትን ይጎዳሉ፣ ቆዳን ያሳሳሉ። ስለዚህ ወደዚህ ሕክምና የሚሄድ ሰው የሐኪሙን የሙያ ፈቃድ ለማየት አይፈር፤ ሐኪሙም የማያስፈልገውን ቀዶ ጥገና አይሆንም ብሎ መመለስንና፣ የታካሚን ፊት ያለ ፈቃዱ ለማስታወቂያ አለማውጣትን ከምላጩ እኩል ይማር።

ልዩ ሐኪም በየወረዳው እስኪደርስ ግን ከቤትና ከጤና ጣቢያ የሚጀመር ሥራ አለ። የተቃጠለን ገላ ወዲያው ለ20 ደቂቃ ያህል በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ማብረድ፣ ጭቃም እበትም የጥርስ ሳሙናም አለመቀባት፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ፤ ይህ ማንም የሚችለው ነው። በጤና ጣቢያም ነርሷ የተቃጠለውን መዳፍ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጣቶቹ እንደ ተዘረጉ በድጋፍ ብታስረው፣ ከዚያም በየቀኑ እየፈታች ብታንቀሳቅሰው፣ ያ እጅ ሳይታጠፍ የመዳን ተስፋው ብዙ ነው። በካፋ ቀርከሃ ሞልቷል፤ ወጌሻውም ቀርከሃ ማሠር ከአባቱ የተማረው ነው። ከእርሱ እጅ የሚጎድለው፣ ሲጠብቅ ደም እንደሚያግድና ሥጋ እንደሚያበሰብስ፣ በጨርቅ ተለብጦ ላላ ሲል ግን ጣት እንደሚያድን የሚያሳየው ሰው ብቻ ነው። የጤና ባለሙያውና ወጌሻው በአንድ ደጅ ተቀምጠው ይህን ቢመካከሩ፣ ከቢታ ገነት አዲስ አበባ የሚያስኬደው ያ ሁሉ መንገድ ለብዙ ሕፃናት ባላስፈለገ ነበር።